የእማዬ እቁብና የመጀመሪያዬ 30 ዶላር

እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እቁብ ደረሳት፤ 24,000 ብር። የድሮው ምጣዷ አንዱን ጎን እያሳረረ ሌላውን ጥሬ እያስቀረ ሲያማርራት ከርሟል። በብሩ አዲስ ምጣድ ገዝታ በተረፈው ጤፍ ልትሸምት ነበር ሐሳቧ።

ሐሳቧን ያስቀየርኳት እኔ ነኝ።

«እማዬ፣ ላፕቶፕ ግዢልኝ። በሦስት ወር ውስጥ እመልስልሻለሁ።»

«ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ኢንተርኔት ላይ ለውጭ ሀገር ሰዎች እሠራለሁ።»

«እዚሁ ቁጭ ብለሽ?»

«እዚሁ ቁጭ ብዬ።»

እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ትንሽ አሰበች። «በይ ይሁን፤ ምጣዱ እንደሆነ እስካሁን ታግሶኛል» አለች።

በሦስት ወር አልመለስኩላትም። ለምን እንዳልመለስኩና የመጀመሪያውን ሥራ በኋላ እንዴት እንዳገኘሁ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ «ኦንላይን ሥራ» እያላችሁ ስትፈልጉ የምታመሹ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ።

ዲግሪውና ሰልፉ

በአካውንቲንግ የተመረቅኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንድ ዓመት ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ማስታወቂያ ማሳደድ፣ ሲቪ ኮፒ ማስደረግ፣ «የ2 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን መስመር አንብቦ መመለስ። «ዜሮ ዓመት» የሚል የተገኘ ቀን ደግሞ ለሁለት ቦታ የመጣው ሰልፈኛ ሕንፃውን ይዞራል።

በዚህ መሀል ነው ስልኬ ላይ ስለ ፍሪላንስ የሚያወሩ ቪዲዮዎች መምጣት የጀመሩት። አንዱ ልጅ መኪና ውስጥ ሆኖ «በቀን 50 ዶላር፣ ከቤትሽ ሳትወጪ» ይላል። ምን ሠርቶ እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔም አልጠየቅኩም። በልቤ 50ን በ30 ቀን እያባዛሁ ነበር።

ነገሩ ራሱ ውሸት አይደለም። ፍሪላንሰር ማለት በቋሚነት ሳይቀጠር በየሥራው ተስማምቶ የሚሠራ ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ አሠሪና ሠራተኛን የሚያገናኙ ፕላትፎርሞች አሉ። አፕወርክ ላይ አሠሪው ሥራውን ይለጥፋል፤ ፍሪላንሰሩ ያመለክታል። ይህ ድርጅት ኢላንስና ኦዴስክ የሚባሉ ሁለት የቆዩ ድርጅቶች ተዋህደው የመጣ ሲሆን፣ አሁን ያለውን ስም የያዘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ነው። በ2010 የተቋቋመው ፋይቨር ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። እዚያ ሠራተኛው «ይህን ሥራ በዚህ ዋጋ እሠራለሁ» ብሎ እንደ ሱቅ ይዘረጋና ደንበኛው መጥቶ ይገዛዋል። ሁለቱም ከክፍያው ላይ የራሳቸውን ድርሻ ያነሳሉ፤ ፋይቨር ለምሳሌ 20 በመቶ ይወስዳል።

ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ላፕቶፕ ያስፈልጋል።

ጢማሙ ሰውዬ

መገናኛ ሄደን ያገለገለ ላፕቶፕ በ19,500 ብር ገዛን። ባትሪው ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ሻጩ «ሰክተሽ ብትሠሪ ምንም አይልሽም» አለኝ። የተረፈችውን 4,500 ብር እናቴ «ለኢንተርኔት ይሁንሽ» ብላ ለኔው ተወችልኝ።

ለኢንተርኔት አልሆነችም።

አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «ቬሪፋይድ አካውንት፣ ማመልከቻ መላኪያ ነጥብ የተሞላ፣ ዛሬውኑ ሥራ የሚያስጀምር» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዋጋው 4,500 ብር። ሻጩን በጽሑፍ አነጋገርኩት። «በራስሽ ስም ብትከፍቺ ኢትዮጵያዊ መሆንሽን ሲያዩ አይቀጥሩሽም። ይሄ የአውሮፓ ሰው አካውንት ነው» አለኝ። አመንኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያውም ልቤ ውስጥ የነበረውን ነው የነገረኝ። በቴሌብር ላክሁለት፤ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ላከልኝ።

ስከፍተው ጢሙን ያሳደገ፣ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ነጭ ሰው ፎቶ ወጣ። የስድስት ዓመት ልምድ ያለው የዳታ ባለሙያ ነው ይላል። እንግዲህ እኔ እሱ ነኝ ማለት ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ 31 ማመልከቻ ላክሁ። ሎጎ መሥራት አልችልም፤ ለሎጎ አመለከትኩ። ዌብሳይት ሠርቼ አላውቅም፤ ለዌብሳይት አመለከትኩ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ «ክቡር አሠሪ ሆይ፣ እኔ ትጉህ፣ ፈጣንና ታማኝ ነኝ። ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ። እባክዎ ዕድል ይስጡኝ።» ሰላሳው መልስ አልመጣለትም።

ሠላሳ አንደኛው መጣ። የኤክሴል ሥራ ነበር፤ የአንድ ሱቅ የሽያጭ መዝገብ ማስተካከል። እሱን እንኳ እችለዋለሁ፤ አራት ዓመት የተማርኩት ነው። ደንበኛው «ጥሩ ነው፣ ነገ በቪዲዮ አሥር ደቂቃ እናውራ» ብሎ ጻፈ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቪዲዮ ምን ብዬ ልቅረብ? አንድ ቀን ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ። «ካሜራዬ ተበላሽቷል» ልበል? ድምፄስ? መጨረሻ ላይ ምንም ሳልመልስ ቀረሁ። የምችለው ሥራ በሬ ላይ መጥቶ አንኳኩቶ፣ ቤት ውስጥ እያለሁ «የለችም» ያስባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ፕላትፎርሙ መታወቂያና የፊት ፎቶ ጠየቀ። አካውንቱ ተዘጋ። ወደ ሻጩ ስገባ ቻቱን አጥፍቶ፣ እኔን ብሎክ አድርጎ ሄዷል። ለእማዬ አልነገርኳትም። «እንዴት ነው ሥራው?» ስትለኝ «እየሞከርኩ ነው» እላታለሁ። እሷም የተበላሸውን ምጣድ እያዟዟረች መጋገሯን ቀጠለች።

ፓስፖርቱ

ዱባይ የምትሠራ አክስት አለችኝ። ገና ሳልመረቅ ጀምሮ «ሥራ ካጣሽ አትቸገሪ፣ ወደኔ ነይ» እያለች ፓስፖርት አስወጥታልኛለች። በመስከረም 2016 እንደገና ደወለች። «ቆርጠሽ ንገሪኝ፤ እዚህ የምታስገባሽ ሰው አግኝቻለሁ።»

እናቴ ዝም ብላ ሰማች። «ምን ትላለሽ?» ስላት «እኔ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም፤ የኔ ጓደኞች ልጆች ሄደው ያለፈላቸውም አሉ፣ ያላለፈላቸውም አሉ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች።

አክስቴን እስከ ገና ድረስ ታገሺኝ አልኳት። ፓስፖርቴንም ከሳጥን አወጣሁት። ለዱባይ አልነበረም፤ በራሴ ስም አካውንት ለመክፈት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ላንሳ። ፕላትፎርሞቹ ማንነት ሲያጣሩ ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዲለያይ አይፈልጉም። ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ዛሬ በአንድ ዓይነት፣ ነገ በሌላ ዓይነት ነው። የዲግሪው ሌላ፣ የባንኩ ሌላ፣ የፓስፖርቱ ሌላ ይሆናል። ከመመዝገባችሁ በፊት መታወቂያችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ገንዘብ የምትቀበሉበት የባንክ ሂሳብም በዚያው ስም ይሁን። የአባታችሁ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር ደግሞ ደንበኞች በአባታችሁ ስም ቢጠሯችሁ አትደንግጡ። እኔን የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ በአባቴ ስም ስትጠራኝ፣ አባቴን የምታውቀው መስሎኝ ነበር።

አዲሱ አካውንቴ ላይ ያለኝ ነጥብ አራት ማመልከቻ ብቻ የሚያስልክ ነው። ተጨማሪ ለመግዛት ውጭ ሀገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፤ እኔ ጋ የለም። ይሄ ችግር በኋላ ሳየው ጠቀመኝ። ነጥብ እንደልብ በነበረኝ ጊዜ ሳላነብ እልክ ነበር። አራት ብቻ ሲሆን ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማስታወቂያ ከማንበብ በቀር አንድም አልላክሁም።

የፍለጋው ሳጥን

ከዘጠኙ ቀን በአንዱ፣ እንዲሁ ስነካካ፣ የፍለጋው ሳጥን ላይ «አማርኛ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፍኩ።

ሥራ አለ! ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። የአማርኛ ድምፅ ሰምቶ በጽሑፍ መገልበጥ፣ ለቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ማሽን የተረጎመውን ማረም፣ ድምፅ መቅዳት። አፌን የፈታሁበት፣ ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ የማነበው ቋንቋ እንደ ሙያ ይቆጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እንግሊዝኛዬ አይበቃም እያልኩ ስጨነቅ፣ እነሱ ደግሞ አማርኛ የሚያርምላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ምክንያቱን ለማወቅ ትንሽ አነበብኩ። ዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ያሉት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። የዲሲ ከተማ በፈረንጆቹ 2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን በነዋሪው ቋንቋ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነው። ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም ወረቀቱን በአማርኛ ይፈልጋል። ጉግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን ከጨመረ ከ2016 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ደግሞ መጀመሪያ በማሽን የሚተረጎም ሰነድም አለ። ከዚያ ሰው ማየት አለበት።

የመጀመሪያዋን ማመልከቻ ለአንድ የኤክሴል ሥራ ላክሁ፤ መልስ የለም። ሁለተኛዋን ለመላክ ስፈልግ አንድ ማስታወቂያ ላይ ዓይኔ አረፈ። ሜሪላንድ ያለች አንዲት ሴት፣ አነስተኛ የትርጉም ሥራ የምትሠራ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤት ለሚሄዱ ሕሙማን የሚሰጥ ወረቀት ታሳርማለች። የተተረጎመውን የመጀመሪያ ገጽ ለናሙና አያይዛለች።

ማንበብ ጀመርኩ። «ከቁስሉ ቢጫ መልቀቂያ ከወጣ ወደ ሐኪም ይደውሉ» ይላል። መልቀቂያ! ሰው ከሥራ ሲለቅ የሚሰጠው ወረቀት ነው ከቁስል የሚወጣው? ቃሉ በእንግሊዝኛ «ዲስቻርጅ» ነው፤ ከሆስፒታል መውጣትም፣ ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽም ይባልበታል። ማሽኑ አንዱን ከሌላው አልለየውም። ዝቅ ስል «የአየር ሙቀትዎ ከ100.4 በላይ ከሆነ» ይላል። የአየር ሳይሆን የሰውነት ሙቀት ነው። 100.4ም በፋራናይት ነው፤ በእኛ ሴልሺየስ ልክ 38 ዲግሪ። ከኢትዮጵያ የሄዱ እናት 100 ዲግሪ ሲባሉ የሚያስቡት ውኃ የሚፈላበትን ነው። ከታች ደግሞ አንዱ መስመር «እርስዎ»፣ ሌላው «አንተ»፣ ሦስተኛው «አንቺ» ይላል።

እየሳቅኩ ነበር፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ይሄን ወረቀት የሚይዙት የማላውቃቸው አንዲት እናት ናቸው። ቁስላቸው መግል ሲይዝ ምን እንደሚያደርጉ የሚነግራቸው ሌላ ነገር የላቸውም።

ማመልከቻዬ አጭር ነበረች። ትጉህ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ አላልኩም። «ናሙናውን አነበብኩት። ሦስት ስህተት አግኝቻለሁ» ብዬ ሦስቱንም ከነማስተካከያቸው ጻፍኩላት። «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው። እዚህ ፕላትፎርም ላይ እስካሁን አንድም ሥራ አልሠራሁም» ብዬ ጨረስኩ። የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሻታለሁ።

የሰዓቱ ነገር

በሁለተኛው ቀን መለሰች። «ሐሙስ በ3 ፒ ኤም በስልክ እናውራ» አለች።

ሦስት ፒ ኤም በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ አይደል? ሐሙስ ቀን ከ8 ሰዓት ጀምሮ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ነጭ ግድግዳ መርጬ፣ እናቴን «ድምፅ እንዳታሰሚ» ብዬ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሆነ፤ አሥር ሆነ። ማንም የለም። እንደገና የተታለልኩ መስሎኝ አለቀስኩ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ልተኛ ስል፣ ስልኬ ጮኸ። «እየጠበቅኩሽ ነው።» የእሷ ሦስት ፒ ኤም ነበር እንጂ የኔ አይደለም። ወሩ ኅዳር ነው፤ በዚያ ወቅት የዲሲና የሜሪላንድ ሰዓት ከኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የእነሱ ክረምት ሲያልፍ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ 7 ይሆናል። የኛን የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ጨምሩበት። አሁን ከማንም ጋር ስቀጣጠር «ያንቺ ነው የኔ?» ሳልል አልዘጋም።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ላፕቶፑ ሳይሰካ አይቆይም። ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ደረጃ ላይ ወጣሁ፤ በሞባይል ዳታ አወራኋት። «ለምን ጨለማ ነው?» አለችኝ። «መብራት ጠፍቷል። ያለሁትም የሕንፃው ደረጃ ላይ ነው፤ ሰዓቱንም ተሳስቼ ከቀን ጀምሮ ስጠብቅሽ ነበር» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ለምን «እርስዎ» መሆን እንዳለበትና ሥራውን መቼ እንደምጨርስ። እንግሊዝኛዬ ተንገዳገደ፤ ግን የማወራው የማውቀውን ስለነበር አልወደቀም።

በማግስቱ ጠዋት ውሉ መጣ። ለአምስት ገጽ 30 ዶላር።

እማዬ ያገኘችው ስህተት

ሁለት ቀን ሠራሁት። በመጨረሻው ሌሊት፣ እናቴ ለመጋገር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስትነሳ፣ ጨርሼ ነበር። ልልከው ስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ይሄ ወረቀት የተጻፈው እኮ ለእሷ ዓይነት ሰው ነው። እናቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ታነባለች።

«እማዬ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።»

መነጽሯን አድርጋ፣ ምጣዱን እየጠበቀች፣ ጮክ ብላ አነበበች። አራተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

«ይሄ ኪኒን 8 ሰዓት ላይ ነው የሚዋጠው?»

«የቱ?»

«'በ8 ሰዓት አንድ ፍሬ ይውሰዱ' ይላላ።»

ደነገጥኩ። እንግሊዝኛው በየስምንት ሰዓቱ ነው የሚለው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አማርኛው ላይ አንዲት «የ» ጎድላ፣ ሰውየው በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ ብቻ የሚውጥ ሆኗል። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየኋትም፤ እንግሊዝኛውን ስለማውቅ ዓይኔ የጎደለውን እየሞላ ያልፋል። እሷ የተጻፈውን ብቻ አነበበች።

«በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ብዬ አስተካክዬ ላክሁ። ለደንበኛዬም እናቴ ያገኘችው መሆኑን ጻፍኩላት። አምስት ኮከብ ሰጠችኝ፤ ከሥሩም «ጥንቃቄ ያላት ሠራተኛ» የሚል አስተያየት። በሳምንቱ ሁለተኛ ሥራ ላከችልኝ።

ከ30 ዶላሩ ፕላትፎርሙ 10 በመቶ ድርሻውን ሲያነሳ 27 ቀረኝ። በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ወደ 1,500 ብር ይሆናል። ማስተላለፊያው እንዳይበላው ብዬ እስከ አራተኛው ሥራ አጠራቅሜ ነው ያወጣሁት። ያን ቀን እናቴን አስቀምጬ ስለ 4,500 ብሩና ስለ ጢማሙ ሰውዬ ነገርኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ያኔውኑ ብትነግሪኝ እኮ አብረን እናዝን ነበር» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔ ግን ከስድብ በላይ ተሰማኝ።

አዲሱ ምጣድ የተገዛው በመጋቢት 2016 ነው። ሦስት ወር ያልኩት አሥር ወር ወሰደ። አክስቴ ዛሬም «ፓስፖርቱ እንዳይቃጠል» እያለች ትቀልዳለች።

ከዚያ በኋላ

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። ሥራ የሚጎርፍበት ወር አለ፤ ምንም የሌለበትም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር ሲታይ ገቢዬ በአንዴ አደገ፤ ጤፉም፣ ዳታውም ግን ባሉበት አልቆዩም። ማሽኖቹም በየጊዜው እየተሻሻሉ ነው። ትናንት የማርመውን ስህተት ዛሬ አይሠሩም። ስለዚህ የሕክምና ቃላትን በደንብ ማጥናት ጀምሬያለሁ፤ ዝም ብሎ አማርኛ መቻል ብቻውን ሁልጊዜ እንደማያበላ ገብቶኛል።

አምስት ኮከቤ ሰባት ሲደርስ አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈልኝ። «አካውንትሽን አከራዪኝ፤ በወር 100 ዶላር እሰጥሻለሁ። አንቺ ምንም አትሠሪም።» ያን ወር ሥራ አልነበረኝም። 100 ዶላር ማለት ኪራይ ነው። አንድ ምሽት ሙሉ አሰብኩበት። ያ ጢማም ሰውዬም እኮ የሆነ ቦታ የሚኖር ሰው ነበር፤ ስሙና ፊቱ ተሽጦ እኔ እጅ የገባው ምናልባት እንዲህ ብሎ ጀምሮ ይሆናል። አልመለስኩለትም።

እናንተ ስትጀምሩ

የኔ ስህተት እንዳይደገም ያህል ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

ሥራ ለማግኘት ብር ክፈሉ ከሚላችሁ ሽሹ። «መመዝገቢያ 500 ብር»፣ «ቪዲዮ ላይክ አድርገሽ ብር ብዪ፤ መጀመሪያ ግን አስገቢ» የሚለው ሁሉ ሥራ አይደለም። ትልልቆቹ ፕላትፎርሞች ላይ አካውንት መክፈት ነፃ ነው።

ላፕቶፕ አስቀድማችሁ አትግዙ። የሰው እቁብ ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ማስታወቂያ አንብቡ፤ ምን እንደሚፈለግ እዩ። ፕሮፋይል መሙላት፣ ማመልከት፣ ከደንበኛ ጋር ማውራት በስልክ ይቻላል። ለሥራው ኮምፒዩተር ሲያስፈልግ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጓደኛ መዋስም ያስኬዳል።

«ሁሉንም እሠራለሁ» አትበሉ። አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ፤ የምትችሉትን፣ በሌላ ሰው ዓይን የጎደለ የሆነውን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ሊሆን ይችላል። የኤክሴል መዝገብ ማጽዳትም ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው ስለ እናንተ ሳይሆን ስለ ደንበኛው ችግር ይጀምር። የለጠፈውን አንብቡ፤ ከሥራው አንዲት ቁራጭ ሠርታችሁ አሳዩት። ሙሉውን ግን በነፃ አትሥሩ።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚደርሳችሁ ከማመልከታችሁ በፊት አጣሩ። ፔይፓል ኢትዮጵያ ላለ ሰው ክፍያ መቀበያ አይሆንም። ብዙዎች የሚጠቀሙት ፔዮኒርን ወይም በቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳብ ማስተላለፍን ነው። በቁርጥ ዋጋ ከተስማማችሁ ደግሞ ደንበኛው ብሩን ፕላትፎርሙ ጋ ማስያዙን ሳታዩ አትጀምሩ። «ከዚህ ወጥተን በሌላ እንነጋገር፣ በሌላ እከፍልሻለሁ» ካለ፣ ብሩን ቢክዳችሁ የሚዳኛችሁ የለም።

በስማችሁ ግቡ። ልምድ ከሌላችሁ የለኝም በሉ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬን ቆይቼ «ያን ጊዜ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብዬሽ እንዴት ቀጠርሽኝ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ከአመልካቾቹ ሁሉ ናሙናውን ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ አለችኝ።

ይሄን የምጽፈው ሌሊት ነው። ማድ ቤት አዲሱ ምጣድ እየጋለ ነው፤ ነገ ጠዋት የማስረክበው አንድ ወረቀት አለ፤ ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት። ልልከው ምንም አልቀረኝም። እማዬ የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ እጇን እስክትጠራርግ ብቻ እየጠበቅኩ ነው። መነጽሯ ጠረጴዛው ላይ አለ።